«ቀድሞ የመጣ ይውሰድ» ፍትሕ አይደለም

መድኃኒት በጠፋ ቁጥር አንድ ሐሳብ ከሁሉም አፍ ይሰማል። ሕመምተኛው ይለዋል፣ ሐኪሙ ይለዋል፣ ተቆጣጣሪው ይለዋል፣ ከባንኮኒው ኋላ የቆመው ፋርማሲስት ራሱም ይለዋል። ፋርማሲስት የታዘዘውን ይሰጣል፤ ካለቀ «አልቋል» ይላል፤ ማን ይውሰድ፣ ማን ይቅርበት ብሎ መለየት የሱ ፋንታ አይደለም። ቀድሞ የመጣ ይውሰድ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የአድልዎ በር ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ንጹሕ ነው። ማንንም ከማንም አያበላልጥም፣ ማንንም «ሕመምህ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። እኔ ግን ስሕተት ነው፤ ሰውም ይጎዳል እላለሁ። መድኃኒት ሲያጥር ፋርማሲስቱ ሳይመርጥ የሚያልፍበት መንገድ የለም። መምረጡ ካልቀረለት በሕመሙ ክብደት፣ በግልጽ ደንብና በተጻፈ መዝገብ ይምረጥ። ይህን ስንከለክለው ምርጫው የቀረ ይመስለናል፤ ነገር ግን ወደ ገንዘብ፣ ወደ ትውውቅና ወደ አጋጣሚ ነው የሚዛወረው።

መቼም እጥረቱን ፋርማሲስቱ አላመጣውም። ከምንጠቀምባቸው መድኃኒቶች አብዛኞቹ ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ለመንግሥት ጤና ተቋማት የሚያቀርበው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም ሆነ የግል አስመጪው ዕቃውን የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አስመጪው ዶላሩን ቢያገኝ እንኳ ያንኑ ካርቶን ለማስገባት የሚያስፈልገው ብር ወደ እጥፍ ተጠጋ። የመንግሥት ተቋማት ደግሞ መድኃኒት የሚገዙት በአብዛኛው በተዘዋዋሪ ገንዘብ ነው፤ የዛሬውን ሸጠው በሰበሰቡት የነገውን ይገዛሉ። ዋጋ በድንገት ሲያሻቅብ ያው ገንዘብ የሚገዛው ያነሰ ዕቃ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ገበሬ መዋጮውን ከፍሎ፣ ጤና ጣቢያ ደርሶ፣ «መድኃኒቱ የለንም» ሲባል ማዘዣውን ይዞ የሚሄደው ወደ ግል ፋርማሲ ነው። የሰንሰለቱ ችግር ሁሉ ተጠራቅሞ የሚያርፈው በአንድ ባንኮኒ ላይ ነው። በመደርደሪያው ላይ ያለው ነገር ማነሱ ከፋርማሲስቱ አቅም በላይ ነው። ያነሰውን ለማን እንደሚሰጥ ግን ከአቅሙ በላይ አይደለም።

«እኔ አልመርጥም» የሚል ባልደረባ የአንድ ቀን ሥራውን ይቁጠር። ከአከፋፋዩ አምስት ፓኬት ብቻ ሲደርሰው አምስቱንም መደርደሪያ ላይ ያወጣል ወይስ ሁለቱን ከኋላ ያስቀምጣል? ሦስት ፓኬት ለጠየቀው ሦስቱንም ይሰጣል ወይስ አንድ? «ሲገባ ደውልልኝ» ብለው ስልካቸውን ከተዉለት ሰዎች መካከል አስቀድሞ ለማን ይደውላል? ለማያውቀው ሰው «የለም» ካለ በኋላ የዘወትር ደንበኛው ሲገባ ከመሳቢያ ያወጣል? በአሮጌው ዋጋ የገባውን በአዲሱ ዋጋ ይሸጣል? ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው ፋርማሲ መድኃኒቱ እንዳለው እያወቀ ይጠቁማል ወይስ ዝም ይላል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንዱን ሕመምተኛ ከመድኃኒቱ ያገናኛል፣ ሌላውን ያለያያል። ይህ ሁሉ ምርጫ ነው። የሚመራበት ደንብ ስለሌለው፣ የሚጠይቀውም ስለሌለ ብቻ «ሽያጭ» ተብሎ ይታለፋል።

አሁን ወደ ወረፋው እንምጣ። ቀድሞ የሚመጣው ማን ነው? ፋርማሲው አጠገብ የሚኖረው ነው። መኪና ያለው፣ ከሥራ ፈቃድ ሳይጠይቅ መውጣት የሚችለው፣ ዕቃ መግባቱን በስልክ የሚነግረው ዘመድ ያለው፣ ቆሞ የሚጠብቅለት ልጅ የሚልክ ነው። በአዲስ አበባ በከነማ ፋርማሲዎች በር ላይ ዋጋቸው ስለሚቀል ሰው በጠዋት ይሰለፋል። ከደብረ ብርሃን ወይም ከአሰላ በሚኒባስ ተሳፍሮ የሚመጣው ሰው እኩለ ቀን ሲደርስ ወረፋው አልቋል። በቀን ሥራ የሚያድረው ሰው ደግሞ ግማሽ ቀን ቢቆም የቀን ገቢውን ያጣል። ዲያሊሲስ ላይ ያለ፣ ስትሮክ መትቶት እግሩን የሚጎትት፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ እነዚህ ሁሉ ኋላ ይደርሳሉ። ወረፋ የሚለካው ጉልበትንና ቅርበትን ነው፤ ሕመምን አይለካም። እንዲያውም በጣም የታመመው በጣም የዘገየው ነው። መድኃኒት የተፈጠረው ለማን እንደሆነ ለሚያስታውስ ሰው ይህ የተገለበጠ ቅደም ተከተል ነው።

ወረፋ ሌላም ጉዳት አለው፤ ማከማቸትን ይሸልማል። «መድኃኒቱ ሊጠፋ ነው» የሚል ወሬ በቴሌግራም ሲወጣ አቅም ያለው ሰው የስድስት ወር ይገዛል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። በአንድ ሰው ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው የስድስት ወር መድኃኒት ግን ለስድስት ሰዎች አንድ አንድ ወር ይሆን ነበር። ቀድሞ የመጣ የፈለገውን ያህል ይውሰድ የሚለው ሕግ በሥራ ላይ ሲውል መጀመሪያ የደረሰው ሁሉን ይዞ ሲሄድ ቀጥሎ የደረሰው ባዶ እጁን ይመለሳል ማለት ነው።

ወረፋውን የማይወዱ አንዳንዶች ደግሞ «ዋጋ ይወስን» ይላሉ። ዕቃ ሲያንስ ዋጋ ይጨምር፣ በእውነት የሚያስፈልገው ሰው ይከፍላል የሚል ሙግት ነው። ይህ ሙግት ለጤፍም ያስቸግራል፤ ለኢንሱሊን ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። የዓይነት 1 ስኳር ያለባት የቀን ሠራተኛ ልጅ ከማንም በላይ ያስፈልጋታል፤ ከማንም በታች ትከፍላለች። ዋጋ የሚነግረን ማን ገንዘብ እንዳለው ነው። እጥረትን ተገን አድርጎ ዋጋ የሚቆልል ፋርማሲ ባለቤትም «ገበያው ነው» ብሎ ከምርጫ ነፃ ሊሆን አይችልም። ድሃውን ከወረፋ ያስወጣው እሱ ነው።

ነገሩን በአንድ መድኃኒት ላይ አቅርበን እንየው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ያረጀ፣ ርካሽ፣ በጡንቻ የሚሰጥ መርፌ ነው። ርካሽነቱ ራሱ የእጥረቱ አንድ ምክንያት ነው፤ ትርፉ አነስተኛ ስለሆነ ዋናውን ጥሬ ዕቃ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዱ ሲቆም ብዙ አገር ይቸገራል። በእኛ አገር ሦስት ዓይነት ሰው ይህን መርፌ ይፈልጋል። አንደኛው የጉሮሮ ሕመም፣ በተለምዶ «ቶንሲል» የምንለው፣ የያዘው ሰው ነው። ሁለተኛዋ በእርግዝና ክትትል ላይ በተደረገላት ምርመራ ቂጥኝ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ናት። ሦስተኛው የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ነው፤ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት ይወጋል፣ መርፌው ሲቋረጥ ሩማቲክ ትኩሳቱ ተመልሶ የልቡን ቫልቭ የበለጠ ሊጎዳው ይችላል።

እንግዲህ አንድ ፋርማሲ ውስጥ እያንዳንዳቸው 1.2 ሚሊዮን ዩኒት የሆኑ ሦስት ብልቃጦች ቀርተዋል እንበል። ሰዓቱ አሥር ሆኗል። መጀመሪያ የገባው ቶንሲል የያዘው ወጣት ነው፤ «አንድ ለዛሬ፣ አንድ ደግሞ ሌላ ጊዜ ሲያመኝ» ብሎ ሁለት ይጠይቃል። ከኋላው የሚስቱን ማዘዣ የያዘ ባል አለ፤ የሚስቱ ቂጥኝ ገና የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለ ሲሆን፣ የሚያስፈልጋት በአንድ ጊዜ የሚሰጥ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት፣ ማለትም ሁለት ብልቃጥ ነው። ከሱ ኋላ የአሥራ አራት ዓመት ልጁን ካርድ የያዘ አባት ቆሟል፤ የልጅቷ መርፌ ቀን ነገ ነው፣ አንድ ብልቃጥ ይበቃታል። «ቀድሞ የመጣ ይውሰድ» በሚለው ሕግ ወጣቱ ሁለቱን ይወስዳል። ባልየው ለሚስቱ ግማሹን ብቻ ያገኛል፤ ግማሽ ሕክምና ለዚህ በሽታ ሕክምና አይደለም። አባትየው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሦስት ብልቃጥ አልቆ በሚገባ የታከመው ሌላ መድኃኒት የነበረው ሰው ብቻ ነው።

ምክንያቱም ቶንሲል በአንድ መርፌ ቢታከምም፣ ለአሥር ቀን በሚዋጥ አሞክሲሲሊንም ይታከማል። ነፍሰ ጡሯ ግን ምትክ የላትም። በእርግዝና ላይ ያለ ቂጥኝን ከእናቲቱ አልፎ ፅንሱንም እንደሚያክም የተረጋገጠለት ፔኒሲሊን ብቻ ነው። ሳትታከም ብትቀር ፅንሱ ሊሞት፣ ሕፃኑም ታሞ ሊወለድ ይችላል። የልብ ሕመምተኛዋ ልጅም በመርፌ የምትጠበቀው በየቀኑ ኪኒን ሳታቋርጥ ለዓመታት መዋጥ ከባድ ስለሆነ ነው። እና አንድ ሰው በስልክ ሐኪሙን አግኝቶ ወጣቱን ወደ አሞክሲሲሊን ቢያዞረው፣ ሦስቱ ብልቃጦች ለሁለቱ ልክ ይበቃሉ። ወጣቱ ያለ መድኃኒት አይሄድም፤ ጉሮሮው በሚገባ መታከም አለበት፣ ሩማቲክ ትኩሳት የሚጀምረው ካልታከመ ጉሮሮ ነውና። ሦስቱም ይታከማሉ። ይህን ሊያደርግ የሚችለው፣ ሦስቱንም ማዘዣ በአንድ ጊዜ የሚያየው ሰው ፋርማሲስቱ ብቻ ነው። ሐኪሙ የሚያየው አንድ ሕመምተኛ ነው። መጋዘኑ የሚያየው ቁጥር ነው። ሕመምተኛውና ያለው ዕቃ ፊት ለፊት የሚገናኙት በባንኮኒው ላይ ነው።

ይህን የምለው ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2023 ያው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በአሜሪካ ሲያጥር የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ቂጥኝ ላለባቸው ነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ እንዲሰጥ፣ ነፍሰ ጡር ላልሆኑ አዋቂዎች ዶክሲሳይክሊን እንዲተካ በጽሑፍ አሳወቀ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከባድ እጥረት ሲገጥም መንግሥት ለፋርማሲስቶች በጊዜና በመድኃኒት የተወሰነ የጽሑፍ ፈቃድ የሚያወጣበት ሕግ አላት። በ2022 ኤፕሪል አንዳንድ የማረጥ ሆርሞኖች ሲያጥሩ ለአንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ከሦስት ወር የበለጠ እንዳይሰጥ አዘዘች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ፔኒሲሊን ሲያጥር ደግሞ ፋርማሲስቱ ሐኪሙ የጻፈውን ሲያጣ በተዘረዘሩ ሌሎች አንቲባዮቲኮች እንዲተካ ፈቀደች። ከእኛ የበለጠ ዕቃ፣ ከእኛ የበለጠ ገንዘብ ያላቸው አገሮች «ወረፋው ይፍረድ» አላሉም። ደንብ ጻፉ። ዕቃው በጣም የሚያንሰን እኛ ነን፤ ደንቡ ለማን ነው የበለጠ የሚያስፈልገው?

«ፋርማሲስት ሐኪም አይደለም» የሚለው ተቃውሞ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ልክ ነው፣ አይደለም። በሽታ አይመረምርም፣ ሕክምናውን በራሱ ፈቃድ አይለውጥም፤ እኔም ይህን ይፈቀድለት አላልኩም። ፋርማሲስቱ ለዓመታት የተማረው ግን መድኃኒቱን ነው፤ በእጥረት ጊዜ የሚያስፈልገው ዕውቀትም ይኸው ነው። የትኛው መድኃኒት ይከፈላል፣ የትኛው አይከፈልም? የደም ግፊት ኪኒን የወሩን ለሁለት ሰው ለአሥራ አምስት አሥራ አምስት ቀን ማካፈል ይቻላል፤ ሁለቱም ሳያቋርጡ ጊዜ ያገኛሉ። የሰባት ቀን አንቲባዮቲክ ለሁለት ማካፈል ግን ሁለቱንም ሳያድኑ ጀርሙን ማለማመድ ነው። አንድ 10 ሚሊ ሊትር የኢንሱሊን ብልቃጥ 1000 ዩኒት ይይዛል፤ በቀን 40 ዩኒት የሚወጋ ሰው በ25 ቀን ይጨርሰዋል፤ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ የሚቆየው አራት ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ ብልቃጡ ለሁለት ሰው አይከፈልም፤ ነገር ግን ለአንድ ሰው ሦስት ብልቃጥ ከመስጠት ለሦስት ሰው አንድ አንድ መስጠት ይቻላል። ሰው ሠራሽ (ሜካኒካል) የልብ ቫልቭ ያለው ሰው ዋርፋሪን ሲያጣ «አዲስ መጥቷል፣ ይሻላል» ተብሎ ሌላ የደም ማቅጠኛ ሊሰጠው አይገባም፤ አዳዲሶቹ ለዚህ ዓይነት ቫልቭ አይሆኑም፣ ደም ረግቶ ቫልቩን ሊዘጋው ይችላል። የትኛው መዘግየት ይገድላል፣ የትኛው ያስቸግራል ብቻ የሚለውን የሚያውቅ ሰው ባንኮኒው ላይ አቁመን «አታስብ፣ ስጥ ብቻ» ማለት ዕውቀቱን ማባከን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል። «ምረጥ ካልነው ለዘመዱ ይመርጣል፤ ለሰፈሩ ልጅ፣ ጉርሻ ለሰጠው፣ ለባለሥልጣን ይመርጣል» ይላል። ይህ ፍርሃት ከሜዳ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ኮሮናን ያድናል ተብሎ ሲወራ፣ በአሜሪካ ሐኪሞች ለራሳቸውና ለቤተሰባቸው ማዘዣ እየጻፉ ማከማቸት ጀምረው ነበር፤ በየቀኑ የሚወስዱት የሉፐስ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን አጡ። ለመደርደሪያው የቀረበ ሰው አስቀድሞ ይወስዳል፤ ይህ ሐቅ ነው። ግን ያ የሆነው ደንብ ስለነበረ ነው ወይስ ስላልነበረ? በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች የፋርማሲ ቦርዶች ሁኔታውን ያረጋጉት ማዘዣው ላይ የሕመሙ ስም እንዲጻፍ በማስገደድና መጠኑን በመገደብ ነው። ወደ እኛ ስንመለስ፣ ዛሬ «ፋርማሲስቱ አይመርጥም» እያልን ከመሳቢያ የሚወጣው መድኃኒት ለማን እንደሚወጣ ማን ያውቃል? አድልዎ በጨለማ ይለመልማል። ተጽፎ በግድግዳ የተለጠፈ ደንብ፣ በመዝገብ የሰፈረ ውሳኔ ለዘመድ አይመችም፤ ለዘመድ የሚመቸው «አልቋል» ብሎ ዞር ማለት ነው።

መዝገብ ለሙያችን እንግዳ ነገርም አይደለም። የአእምሮና የናርኮቲክ መድኃኒቶች በልዩ ማዘዣ ይወጣሉ፣ በመዝገብ ይሰፍራሉ፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያያቸዋል። አንድ የሞርፊን አምፑል ለማን እንደተሰጠ መጻፍ ከቻልን፣ በእጥረት ላይ ያለ አንድ የኢንሱሊን ብልቃጥ ለማን እንደተሰጠና ለማን እንደተከለከለ መጻፍ አያቅተንም። ቀን፣ የመድኃኒት ስም፣ የሕመሙ ዓይነት፣ የተሰጠ መጠን፣ ያልተሰጠው በምን ምክንያት እንደሆነ፣ ሐኪሙ ተደውሎለት ከሆነ ምን እንዳለ። በቃ።

ሦስተኛ ተቃውሞ አለ፤ ይህኛው የሚመጣው በጎ ከሚያስቡ ሰዎች ነው። «እጥረቱን በሥርዓት ማካፈል ከጀመራችሁ መንግሥትን ከተጠያቂነት ታወጡታላችሁ፤ ችግሩን የተለመደ ታደርጉታላችሁ» ይላሉ። እኔ ተቃራኒውን አያለሁ። ዛሬ ስንት ሰው ምን መድኃኒት አጥቶ እንደተመለሰ ከየግል ፋርማሲው ባንኮኒ የሚሰበስብ መኖሩን አላውቅም። «የለም» ተብሎ የተመለሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሪፖርት ላይ አይወጣም፤ ከበሩ ሲወጣ ከአሀዙም ይወጣል። ፋርማሲዎች የከለከሉትን ቢመዘግቡ ግን በወሩ መጨረሻ በአንድ ክፍለ ከተማ ብቻ ስንት የሚጥል ሕመምተኛ ፊኖባርቢታል አጥቶ እንደተመለሰ ይታወቃል። ያን ዝርዝር ይዞ አቅራቢውን፣ ባንኩን፣ ሚኒስቴሩን መጠየቅ ይቻላል። የሚያስጠይቀው ማስረጃ ነው፤ ዝም ብሎ መቸገር ማንንም አላስጠየቀም።

ምርጫ ስል ግን ገደብ የሌለው ሥልጣን ማለቴ እንዳይመስል በግልጽ ልናገር። ሚዛኑ ላይ ፈጽሞ የማይቀመጡ ነገሮች አሉ፤ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ ሥልጣን፣ ሀብት፣ ትውውቅ፣ የሰውየው «ጠቃሚነት»። ሽማግሌው ብዙ ኖረዋልና ይቅርባቸው የሚል ፍርድ ከማንም ፋርማሲስት ሊወጣ አይገባም። በቂጥኝ ወይም በኤችአይቪ የታመመን ሰው «በራሱ ያመጣው ነው» ብሎ ወደ ኋላ ማስቀመጥ ነውር ነው። የሚመዘኑት ጥቂት ነገሮች ናቸው፤ መድኃኒቱ ቢቀር ምን ይደርሳል፣ በስንት ቀን ውስጥ ይደርሳል፣ ምትክ አለ ወይስ የለም፣ በእጁ የቀረ አለው ወይ። በእነዚህ እኩል የሆኑ ሰዎች ሲገናኙ ያኔ ወረፋ ቦታ አለው። ወረፋን ጨርሶ ይጥፋ አላልኩም፤ የመጨረሻው መለያ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው አይሁን ነው የምለው።

መድኃኒት የሌለው ፋርማሲስትም ሥራ አላለቀበትም። አንዲት እናት የልጇን የፊኖባርቢታል ማዘዣ ይዛ ትገባለች እንበል። «ልጄ፣ ይቺ መድኃኒት አለች?» ትላለች። የተለመደው መልስ ቀና ሳይሉ የሚሰጥ አንድ ቃል ነው። ሙያ የሚያዘው መልስ ግን ጥያቄ ነው። «እናቴ፣ የስንት ቀን ቀርቶታል?» «የሁለት ቀን ብቻ።» እዚህ ላይ ፋርማሲስቱ ከእናቲቱ የበለጠ ሊደነግጥ ይገባዋል፤ ፊኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ የማያቆም መናድ ሊያስከትል እንደሚችል ያውቃልና። «ሁለት ቀን አለኝ ብለው እንዳይጠብቁ፤ የቀረውን ግን በሰዓቱ ይስጡት፣ ለማቆየት ብለው አይቀንሱ» ይላታል። ስልኩን ያነሳል፤ አጎራባች ፋርማሲዎችን፣ የቀይ መስቀልን መድኃኒት ቤት፣ የሆስፒታሉን ፋርማሲ ይጠይቃል። ካገኘ አድራሻውን ጽፎ ይሰጣታል። ካላገኘ ማዘዣውን ወደጻፈው ሐኪም ዛሬውኑ እንድትመለስ ይነግራታል፣ ለሐኪሙም ይደውላል። መናድ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ የትም ሳትዞር ሆስፒታል እንድትወስደው ያስጠነቅቃታል። «ከዱባይ በሻንጣ የመጣ አለ» ብሎ ማሸጊያው የተቀደደ፣ ምንጩ ያልታወቀ ፍሬ የሚሸጥላት ሰው ቢያጋጥማት እንዳትቀበለው ይመክራታል። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ሽያጭ የለውም። የሙያው ክብር ያለው ግን እዚህ ላይ ነው።

ይህን ሸክም በአንድ ተቀጣሪ ፋርማሲስት ትከሻ ላይ ብቻ መጫን ደግሞ ግፍ ነው። ባለቤቱ «ለምን ሦስቱን አልሸጥክም?» ሲለው፣ ወጣቱ ደንበኛ «እኔ ቀድሜ መጥቼ ለምን ለሌላ ሰጠህ?» ብሎ ሲጮህበት፣ ከጀርባው የሚቆም ጽሑፍ ያስፈልገዋል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስለ መድኃኒት ደኅንነት፣ ጥራትና ፈዋሽነት ይደነግጋል፤ ጥራቱ የተረጋገጠው መድኃኒት ሲያንስ ለማን ይድረስ የሚለው ግን የፋርማሲስቱ የብቻ ጭንቀት ሆኖ መቅረት የለበትም። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ጤና ሚኒስቴርና የሙያ ማኅበራቱ ተቀምጠው በእጥረት ጊዜ ብቻ የሚሠራ አጭር መመሪያ ያውጡ። ምትክ የሌላቸውን መድኃኒቶች ይዘርዝር፤ ለእያንዳንዳቸው ቅድሚያ የሚሰጠው ለየትኛው ሕመም እንደሆነ ይጻፍ፤ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ይወሰን፤ የትኛው በየትኛው ሊተካ እንደሚችልና መቼ ሐኪም መጠየቅ ግድ እንደሆነ ይለይ፤ ቅር የተሰኘ ሕመምተኛ አቤት የሚልበት ስልክ ይኑረው። ሐኪሞችም ማዘዣ ላይ የሕመሙን ስም ይጻፉ፤ ባዶ ማዘዣ ፋርማሲስቱን ያሳውረዋል። ባለቤቶች በበኩላቸው የሚጠፋ መድኃኒት ላይ ዋጋ እንዳይቆልሉ፣ ከሌላ ዕቃ ጋር ካልገዛችሁ እንዳይሉ ይከልከሉ፤ የጣሰ ይቀጣ።

መመሪያው እስኪወጣ ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። በአንድ ቀበሌ ያሉ አምስት ፋርማሲዎች ዛሬ ሊስማሙ ይችላሉ፤ በእጥረት ላይ ያለ መድኃኒት ለአንድ ሰው ከአንድ ወር በላይ አንሰጥም፤ አንዱ ያለውን ሌላው ያውቃል፤ ምትክ ላለው ሕመም ምትክ የሌለውን አናወጣም፤ የከለከልነውን እንጽፋለን። ደንቡን በትልቅ ፊደል ጽፈው በር ላይ ይለጥፉ። የሚገባ ሰው ሁሉ አንብቦ ይግባ። የመጀመሪያው ሳምንት ጭቅጭቅ ይበዛል። ሰው ግን ለምን እንደተከለከለ በእውነት ሲነገረው፣ ለሚኒስትሩም ለጫማ ጠራጊውም አንድ ሕግ እንደሆነ ሲያይ፣ ይቀበላል። ሕዝባችንን የሚያስቆጣው ማነሱ አይደለም፤ መደበቁ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ «ፋርማሲስቱ ሊመርጥ ይገባዋል ወይ?» የሚለውን ክርክር እንዝጋው። ሲመርጥ ኖሯል፣ ነገም ይመርጣል። የቀረው ክርክር በምን መለኪያ፣ በማን ፊት፣ በየትኛው መዝገብ የሚለው ነው። ወረፋውን እንደ ዳኛ ማቆም ለሚፈልግ ሰው አንድ ጥያቄ አለኝ። ከሩቅ የመጣች፣ የደከመች፣ የማንንም ስልክ የማታውቅ ነፍሰ ጡር ማዘዣዋን ይዛ ባንኮኒው ጋ ስትደርስ፣ የመጨረሻው ብልቃጥ ኪኒን ሊበቃው ለሚችል ሰው በደቂቃዎች ብልጫ መሸጡን «ፍትሕ ነው» ብሎ ፊት ለፊት ሊነግራት ይችላል? ሊነግራት የማይችል ከሆነ ደንቡን ይለውጥ። ፋርማሲስቱ ሊነግራት የሚችለውን ደንብ ይጻፍለት።